አያ ጎሹ የጠየቋት በር

«በዚህ በኩል አንዲት ትንሽ በር ብቻ ተውልኝ... ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ሰውአገኝ ከጎረቤት ለሚለየው የብሎኬት አጥር ክር እየወጠረ ነበር። ቀና እንኳ አላለም።

«አያ ጎሹ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ በር ነው፣ ነገ መተላለፊያ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ይዞታዬ ነው ይሉኛል።»

ጎረቤቱ ሽማግሌ «ሸጋ» አሉና ተመልሰው ሄዱ።

እናቱ እማማ አየለች በረንዳው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። «ልጄ፣ እሳቸው እኮ ለራሳቸው ብለው አይደለም...»

«እማዬ፣ አንቺ ሰው ታምኛለሽ። ይሄን ለኔ ተይው።»

አጥሩ ያለ በር ተዘጋ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሰውአገኝና በአያ ጎሹ መካከል ሰላምታም ቀረ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ...

ሰውአገኝ መተማ እየወረደ ሰሊጥ የሚነግድ ሰው ነው። አዘዞ ያለው የቤተሰቡ ቤት ደግሞ የጭቃ ቤት ነው። ሟቹ አባቱ አቶ ውዱ ከአያ ጎሹ ጋር ሆነው በእጃቸው የሠሩት።

እናቱ «ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» ብለዋል።

እንግዲያውስ አድሰዋለሁ አለ። በአንዴ አልነበረም፤ ሰሊጡ ባዋጣ ቁጥር ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያውን በወፍራም ቆርቆሮ ቀየረ።

በሁለተኛው የፊቱንና የሁለቱን ጎን ግድግዳ ሽቦ ወጥሮ በሲሚንቶ አስለሰነ።

በሦስተኛው ቢጫ ቀለም አስቀባ፣ ግቢውንም ሊሾ አስደረገ።

በአራተኛው ያ አጥር መጣ።

የጀርባው ግድግዳ ግን ጭቃ እንደሆነ ቀረ። «ለማን ይታያል? ይደርሳል» አለ።

አላፊ አግዳሚው ሁሉ «እናት መጦር እንዲህ ነው» ይል ነበር... እውነቱን ለመናገር ሰውአገኝም ይህን መስማት ይወድ ነበር።

አጥሩ በታጠረ ዓመት፣ እንደ ልማዱ ጥቅምት ላይ መተማ ወርዶ ህዳር ተመለሰ። ሊሾው ላይ የደረቀ የጭቃ ዳና ጠበቀው።

«ይሄን ያበላሸው ማነው?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ከጓሮ ስመለስ ነው።»

እማማ አየለች ጉልበታቸውን ይዘው በግድ የሚራመዱ ሴት ናቸው። ዳናው ደግሞ የትልቅ እግር ነው፤ ከውጭው በር እስከ ጓሮ ደርሶ መልስ። ሰውአገኝ ግን ይህን አላስተዋለም። አጠበውና ረሳው።

በቀጣዩ ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ አምስት ቀን ሙሉ አላባራም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ እናቱ ገና ከአልጋቸው ሳይነሱ፣ የፊቱ ልስን ከነሽቦው ተገንጥሎ በረንዳው ላይ ተዘረገፈ...

ግንበኛው እስጢፋኖስ ከአምባ ጊዮርጊስ ተጠርቶ መጣ። ቋሚ እንጨቱን በቢላ ወጋ አደረገው። ቢላው እስከ እጀታው ገባ።

«ጭቃ ይተነፍሳል ወንድሜ። አንተ በሲሚንቶ አፈንከው፤ እርጥበቱ እንጨቱን በላው። ላዩ አምሯል... ውስጡን ለቄስ።»

«ጎኖቹስ?»

«እነሱም ያው ናቸው።»

ሰውአገኝ አንገቱን ደፋ። ያሳመረ መስሎት የእናቱን ቤት ሲገድለው ነው የከረመው። አሁን «እማዬ፣ ቤትሽ ሊፈርስ ነው» ብሎ እንዴት ይንገራቸው?

እስጢፋኖስ ዞሮ ወደ ጀርባ ሄደ። እዚያው ቆየ...

«ና እስቲ። ይሄን ማን ነው የሚመርገው?»

«ማንም አይነካውም። እኔም ገና አልደረስኩበትም።»

«እንዴት ማንም? በየዓመቱ የተመረገ ግድግዳ ነው። ቋሚው ንቅንቅ አይልም። እናትህ የት ነው የሚተኙት?»

«በዚሁ በኩል።»

«ያን ሁሉ ቆርቆሮ ከራሳቸው በላይ ይዞ ያቆየው ይሄ ነው። ይሄ እስካለ የሌላውን ቋሚ እየቀየርን ቤቱን እናድነዋለን።»

ሰውአገኝ ዞሮ፣ ግድግዳ ይዘው ከኋላቸው የደረሱትን እናቱን አያቸው።

«አያ ጎሹ ናቸው» አሉ እማማ አየለች። «አባትህ ከሞተ ጀምሮ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ አንተ መተማ ስትወርድ፣ ጭቃ በጭድ ረግጠው ይመርጋሉ። ድሮ አራቱንም ነበር። አንተ ሦስቱን በሲሚንቶ ስትሸፍነው የቀረላቸው ይሄ ነው።»

«አጥሩ ከታጠረ በኋላስ?»

«በር ብትከለክላቸው ጭቃውን በባልዲ ተሸክመው፣ በአስፋልቱ ዞረው፣ በዋናው በር ገቡ። ያ ዳና የሳቸው ነው። 'ለልጁ አትንገሪው፣ ያፍራል' ስላሉኝ እኔ ነኝ አልኩህ።»

ሰውአገኝ አፈረ። የሚገባበት ጠፋው።

መዶሻ አነሳና ጓሮ ሄዶ አጥሩን መምታት ጀመረ።

አያ ጎሹ ድምፁን ሰምተው ከወዲያ በኩል መጡ። በቀዳዳው አዩት።

«ምነው ልጄ... ምን ሆነህ ነው?»

«በሩን... በሩን እያወጣሁልዎ ነው።»

ሽማግሌው መዶሻውን አዩ። ቀዳዳውንም አዩት...

«ትንሽ ወደ ግራ አድርገው። አሁን የመታኸው ላይ ውሃ ይቆማል።»

በቀጣዩ ጥቅምት ሰውአገኝ መተማ አልወረደም። የበሰበሰው ቋሚ ተቀይሮ ሦስቱም ግድግዳ ወደ ጭቃው ተመለሰ። ጭቃውን ሱሪውን ሰብስቦ የረገጠው ራሱ ነው። አያ ጎሹ በአዲሷ በር ገብተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «ጭድ አንሶታል፣ ጨምርበት» ይሉታል።

ወገኖቼ... «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ሲባል እንዲያው አይደለም። ሰው አንድ ነገር ሲለምናችሁ፣ ሊወስድብኝ ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት «ለምን ፈለጉት?» በሉት። ሰውአገኝ ያቺን ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ አንድ ሽማግሌ ባልዲ ተሸክመው አስፋልት ለአስፋልት ባልዞሩ ነበር።

እስቲ እናንተም ኮሜንት ላይ ስም ጥሩልን... የእናንተን የጀርባ ግድግዳ ሳታውቁት ሲመርግላችሁ የኖረው ማነው?