ዐሥር ሰረዝ ሠላሳ ሁለት

ወንድምአገኘሁ በሕይወቱ አንድም ብሎን አጥብቆ የማያውቅ የብሎን አሠልጣኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ሰሞን ከአሜሪካ በእርዳታ የመጡ ማሽኖች ኮምቦልቻና አካባቢዋ ላሉ ድርጅቶች ታደሉ። ብሎኖቻቸው የተሠሩት በሚሊሜትር ሳይሆን በኢንች ነው። የጥገና ሠራተኞቹ ግን ብሎን በጠፋ ቁጥር በእጃቸው ያገኙትን የሚሊ ብሎን በጉልበት እየሰኩ የቀዳዳውን ጥርስ በሉት። ማሽኖቹ መንገጫገጭ ሲጀምሩ ሥልጠና ታዘዘ። ሥልጠና ከታዘዘ አሠልጣኝ ያስፈልጋል፤ በኮምቦልቻው የሥልጠና ማዕከል ደግሞ ሥራ ፈትቶ የተገኘው በማኔጅመንት የተመረቀው ወንድምአገኘሁ ብቻ ነበር።

ቦሩ ሜዳ ያሉት አማቱ አቶ ደጉ ይህን እንደ ሰሙ "ኢንጂነሩ" ይሉት ጀመር። እሱም አላረማቸውም። ማን ያርማል?

ሥልጠናው ሊጀመር ሲል የማዕከሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሰርካዲስ ጠርተው አስጠነቀቁት።

"ከደሴ ስውር መዛኝ ይላካል እየተባለ ነው። ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ሲዘባርቅ የተገኘ አሠልጣኝ ኮንትራቱ ይቋረጣል።"

"እኔ ምን አስፈራኝ" አለና ወጥቶ ላቡን ጠረገ።

የመጀመሪያው ቀን መልካም ጀመረ። ከሐርቡና ከደጋን የመጡት ሠልጣኞች መብራቱ ጠፍቶ ስላይዱ ሲበራ ወዲያው አንቀላፉ። ለአሠልጣኝ ከዚህ የበለጠ ሰላም የለም። ስላይዱ ላይ "10-32" የሚል ጽሑፍ ብቅ ሲል ወንድምአገኘሁ በልበ ሙሉነት "ዐሥር ሚሊ ውፍረት፣ ሠላሳ ሁለት ሚሊ ርዝመት ማለት ነው" ብሎ አለፈው።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሙሉ ሱፍ የለበሱ ሽማግሌ ግን አላለፉትም። ተነሥተው ጠረጴዛው ላይ ካለው የመለዋወጫ ካርቶን አንዲት ብሎን አወጡ።

"አሠልጣኝ፣ አፉ ይበሉኝ። ካርቶኑ ዐሥር ሰረዝ ሠላሳ ሁለት ይላል። ይቺ ደግሞ ወላሂ የዐሥር ሚሊን ግማሽ አትሞላም። እንዴት ነው ነገሩ?"

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ ወንድምአገኘሁ። "ነገ በሰፊው እንመለስበታለን።"

ሻይ ሰዓት ላይ አላስችል አለውና ተጠጋቸው።

"አባቴ፣ ከየት ነው የመጡት?"

"ከደሴ። ዘይኑልአቢዲን እባላለሁ።"

"በምን ጉዳይ?"

"በዚሁ በብሎን ጉዳይ" አሉ ፈገግ ብለው። "ሰኞ ሥራዬ ላይ መገኘት አለብኝ። ከዚያ በፊት ነገሩን በደንብ አጣርቼ ልሂድ ብዬ ነው።"

አጣርቼ! ወንድምአገኘሁ የያዘውን ሻይ ሳይጠጣ አስቀመጠው።

ከሥልጠናው እንደ ወጣ ሚኒባስ ተሳፍሮ ደሴ ወጣና ገበያነሽ የምትባል የመለዋወጫ ነጋዴ ሱቅ ገባ። 10-32 ማለት ምን እንደሆነ ጠየቃት። ገበያነሽ ከላይ እስከ ታች ገላመጠችው።

"እኔ የምሸጠው ብሎን ነው። ትርጉም የፈለገ አስተርጓሚ ይቅጠር። ልስጥህ ወይስ ትሄዳለህ?"

የኢንች ብሎን ፌስታል ሙሉ ገዝቶ ተመለሰ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ፣ ማስመሪያ ይዞ የብሎን ጥርስ በጥፍሩ ሲቆጥር ሚስቱ ጽናት መጣችበት።

"ምን ነክቶሃል አንተ?"

"ዝም በይኝ፣ አታሳስቺኝ" አላት። እውነቱን ለመናገር፣ ሰውዬው ከተመረቀ ወዲህ ሲያጠና የመጀመሪያው ነው።

በማግስቱ ስላይዱን ዘጋና ብሎኖቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ።

"ትናንት የነገርኳችሁን እርሱት። ከሩብ ኢንች የቀጠነ ብሎን ውፍረቱ በቁጥር ይሰየማል። ቁጥሩ ሲጨምር ብሎኑ ይወፍራል። ዐሥር ቁጥር ማለት አምስት ሚሊ ለመሙላት ጥቂት የቀረው ነው። ከሰረዙ ወዲያ ያለው ሠላሳ ሁለት ደግሞ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ ያለው የጥርስ ብዛት ነው። ሁለት እኩል ማበጠሪያዎች አስቡ፤ የአንዱ ጥርስ ደቃቅና ብዙ፣ የሌላው ወፍራምና ጥቂት። ዐሥር ሰረዝ ሃያ አራት ጥርሱ ጥቂት የሆነው ነው። ውፍረታቸው አንድ ቢሆንም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የአምስት ሚሊ ብሎን ደግሞ የሚገባ ይመስልና መሐል ላይ ይነክሳል። ያን ጊዜ ነው ጉልበታችሁን አሳይታችሁ ማሽኑን የምትገድሉት!"

ሠልጣኞቹ ነቁ። ሳቁም። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ ቀልዱን ሳይቀር ይጽፉ ነበር።

"ማበጠሪያው ያልገባው ሰው ቢኖርስ፣ ሌላ ምሳሌ አለዎት?" አሉ።

ሌላ ምሳሌ ሰጠ።

"ስላይዱን ከየት ነው ያገኙት?"

"ከ... ከኢንተርኔት።"

ይህንንም ጻፉት።

በመዝጊያው ቀን ወንድምአገኘሁ አልቻለም። ሽማግሌውን ኮሪደር ላይ ብቻቸውን አገኛቸውና ክንዳቸውን ያዘ።

"አባቴ፣ መዛኙ እርስዎ መሆንዎን አውቄያለሁ። በመጀመሪያው ቀን ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው። ስለ ብሎን የማውቀው አንዳች ነገር አልነበረም፤ የተማርኩት እርስዎን ፈርቼ ነው። ኮንትራቴን አያቋርጡብኝ። ለአማቴ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? ሰው ፊት አያዋርዱኝ።"

ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አብሽር ወንድሜ፣ የምን መዛኝ! ሰኞ ደሴ ላይ እናንተን አሠልጣኞቹን በብሎን ጉዳይ የማሠለጥናችሁ እኔ ነኝ፤ አደራ፣ ሲመጡ ከኋላ ይቀመጡልኝ፣ ጥያቄም እንዳይጠይቁኝ።"