ከመድረክ የተቀዳ ልቅሶ

የኋላሸት በስተርጅናው ጥሩ አልበም አወጣ። ይህን የሚክድ ሰው ደብረ ማርቆስ ውስጥ የለም። በወጣትነቱ ኤሌክትሪክ ጊታር አንግቶ ሲጮኽ እሱ «ሮክ ነው» ይላል፣ ሰዉ «እብደት ነው» ይላል። ግጥሙንም ዜማውንም የሚሠራው ራሱ ነበር። ዛሬ ድምፁ ሻክሯል። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ መድረስ ሲያቅተው ቃሉን ይናገረዋል እንጂ አይዘፍነውም፤ የድሮ ዘፈኖቹም በዚህ የተነሳ ይበልጥ የሚታመኑ ሆኑ። ጥር ላይ በከተማው አዳራሽ ተጫወተ፤ ከነጭብጨባው፣ ከነሳሉ ተቀዳ፤ ከፋሲካ በኋላ ተለቀቀ። ባጃጁ ሁሉ የሚያሰማው እሱን ብቻ ሆነ።

ችግር ያመጣው «የአምበር መንገድ» የሚለው ዘፈን ነው።

ዘፈኑ የተሠራው ለሥራነሽ እንደሆነ ከተማው ያውቃል። አርባ ዓመት አልፎታል። የኋላሸት በኪነት ቡድን ሲጫወት የአምበር ከተማዋን ልጅ ሥራነሽን ወደደ፤ እሷም አልጠላችውም። አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ ጋር የልብ ጓደኛው ወልደ ሚካኤል አብሮ ሄደ፤ ያኔ አዲስ የተመደበ መምህር ነበር። አባትየው «ልጄን ለአዝማሪ አልሰጥም። ይሄ መምህር ቢሆን ግን ዛሬውኑ እመርቅ ነበር» አሉ። ወልደ ሚካኤል ዝም አለ። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በእሱ ዝምታ ግን ሚስት ገባች።

ከተማው «ለጓደኛው ሊለምን ሄዶ ለራሱ ተቀብሎ መጣ» እያለ ሲቀልድበት ኖረ። የኋላሸት አንድም ቀን አልወቀሰውም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። ይህ ከወቀሳ ይብሳል።

አልበሙ ላይ ያ ዘፈን ሊያልቅ ሲል ጊታሩ ቀጥ ይላል። አዳራሹ ጸጥ ይላል። በጸጥታው መሐል አንድ ሰው ያለቅሳል። በጨርቅ የታፈነ፣ ሊውጡት ሲሉ ያመለጠ ልቅሶ ነው። ከዚያ ጭብጨባው ይሸፍነዋል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባምና ከተማው ወዲያው ፈረደ፤ ሥራነሽ ናት። ሌላ ማን ሊሆን? በኤፍ ኤም «ልቅሶውን ለምን አላስወጡትም?» ተብሎ ሲጠየቅ የኋላሸት «እሱን የሚያክል ዘፈን ሠርቼ አላውቅም» አለ። ይህም ማስረጃ ሆነ።

ሥራነሽ አዳራሹ ውስጥ በተዘፈነበት ቀን ለአክስቷ ተዝካር ይጁቤ ሄዳ ነበር፤ ቢያንስ ከቤት ስትወጣ እንዲያ ብላ ነበር። ወልደ ሚካኤልም ላም ሊገዛ ደምበጫ ሄዶ፣ የሚረባ አጣሁ ብሎ ባዶ እጁን ገባ። እንግዲህ ሚስት የት እንደዋለች የሚመሰክር ባል የለም።

ወልደ ሚካኤል ከሰው መሸሽ ጀመረ። ባጃጅ ውስጥ ዘፈኑ ከጀመረ ሳይደርስ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። አንድ ቀን አንድ ሹፌር ከኋላ ማን እንደተሳፈረ ሳያይ «ወንድ ልጅ እንዲህ ከሚዋረድ ቢሞት ይሻለዋል» አለ። የድሮ ተማሪው ነበር። ወልደ ሚካኤል መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ።

ቤት ውስጥም ያው ነው። ዘፈኑ በሬዲዮ ሲመጣ ሥራነሽ ተነስታ ታጠፋዋለች። ባሏን ቀና ብላ አታየውም። እሱም አይጠይቃትም። አንድ ማዕድ ቀርበው፣ እንደተጣላ እንግዳ አቀርቅረው ይበላሉ።

የሚካኤል ማኅበር ተራ የእነሱ ሆነ። ጠላው ተጠመቀ፣ ዳቦው ተጋገረ። ቄሱ ባርከው ሄዱ። ማኅበርተኛው ግን አንዱ ታመምኩ፣ ሌላው ልቅሶ አለብኝ እያለ ቀረ። ከሰዓት በኋላ የመጣችው የወልደ ሚካኤል ታላቅ እህት አይናዲስ ብቻ ናት። እሷም ጠላ ፈልጋ አልነበረም።

«የአባቴን ቤት አዋረድሽው» አለቻት ሥራነሽን፣ ገና ከደጃፉ ሳታልፍ። «ሰው ደጃችሁን መርገጥ ተጸየፈ። ወንድሜ በገበያ ሲንከራተት አንቺ የማንን ዘፈን ስትሰሚ ዋልሽ?»

«እትዬ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ሚካኤል በሚዘከርበት ቤት እውነቱን ተናገሪ። ካልተናገርሽ ወንድሜን ዛሬውኑ ይዤው እሄዳለሁ። ያለቀሰው ማን ነው?»

ወልደ ሚካኤል አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ዐይኑን ጉዝጓዙ ላይ ተከለ፤ በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ሥራነሽ ባሏን አየችው። ጥቂት ጠበቀች።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች። «እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ስለ ሚካኤል ይማሩኝ።»

አይናዲስ የመጣችው ለሙግት እንጂ ለይቅርታ አልነበረም። እግዜር ይማርሽ ማለት ነበረባት፤ አላለችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በር ላይ ዞር ብላ ወንድሟን «አንተም ቻለው እንግዲህ» አለችው። እስከ ነገ ከተማው በሙሉ ይሰማል፤ አይናዲስ ምሥጢር የምታካፍለው ሰው ብዙ ነው።

ባልና ሚስት ብቻቸውን ቀሩ። ሥራነሽ ሰው ያልነካውን ዳቦ መሸፈን ጀመረች።

«ለምን?» አለ ወልደ ሚካኤል በመጨረሻ።

«አርባ ዓመት ጎንህ ተኝቼ» አለች፣ እጇን ከሥራዋ ሳታነሳ፣ «ያንተ ልቅሶ ይጠፋኛል ብለህ ነው?»