ወንበር ላይ ያለቀው ጡንቻ

«እኚህን ሰውዬ ማን ነው እንዲህ ያደረጋቸው?»

ዶክተር ኤልቤቴል ከወንበሯ ብድግ አለች... ዓይኗ ግን ኮምፒውተሩ ላይ እንደተተከለ ነው።

ስክሪኑ ላይ ያለው የአንድ አዛውንት ጭን የአልትራሳውንድ ምስል ነው።

ጡንቻው ሳስቶ ሳስቶ አልቋል... ቦታውን ስብ ወርሶታል።

«አልጋ ላይ የዋሉ በሽተኛ ናቸው?»

«ኧረ አይደሉም» አለች ምስሉን ያነሳችው ባልደረባዋ ሀምዲያ። «ግድግዳ እየያዙ ነው የገቡት።»

«ልጅ የላቸውም?»

«አላቸው።»

«እና ይሄ ልጅ ይባላል? አባቱን ጥሎ የረሳ... እግዚአብሔር የእጁን ይስጠው።»

ሀምዲያ አንገቷን ደፋች።

እዚህ ላይ ቆም እንበልና ኤልቤቴልን ላስተዋውቃችሁ...

ዲላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስታስተምር፣ የምታጠናው አንድ ነገር ነው። ሰው ሲያረጅ ጡንቻው ምን ይሆናል? እንቅስቃሴስ ምን ያህል ያድነዋል?

በየቤተክርስቲያኑ እየዞረች አዛውንቶችን ለጥናቱ ስትጋብዝ እንዲህ ትላለች...

«ከምንበላው ስኳር ብዙውን የሚያቃጥለው ጡንቻ ነው። ካልሠራ ይሟሽሻል፣ ስኳሩም ደም ውስጥ ይቀራል። የሰማንያ ዓመት ሰው ጡንቻ እንኳ ካሠሩት ይጠነክራል። ሽማግሌ አታስቀምጡ።»

ለጥናቱ የመጣ ሰው ስሙ አይነገራትም። ምስሉ ብቻ ነው የሚደርሳት... የማንን ጭን እንደምታይ አታውቅም።

አሁን ደግሞ ወደ አባቷ ወደ አቶ ቦና...

ዱመርሶ በሚባል ገጠር ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ቡና ሲለቅሙ፣ እንሰት ሲተክሉ የኖሩ፣ ዳገቱን ወጣት ቀድመው የሚወጡ ሰው ነበሩ።

እናቷ ስታርፍ ኤልቤቴል ዶማውን ከእጃቸው ተቀብላ ዲላ አመጣቻቸው።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ ተራው የኔ ነው። አንተ ቁጭ በል።»

ቁጭ አሉ።

ውሃ ሲጠማቸው ይቀዳላቸዋል። ቤተክርስቲያኑ ከቤቱ አጠገብ ነው... እዚያም ቢሆን የሚሄዱት በባጃጅ ነው።

አንድ ቀን ጓሮ ወርደው አረም ሊነቅሉ ሲያጎነብሱ አየቻቸውና እንባዋ መጣ።

«ሰው ምን ይለኛል አባዬ? ዶክተሯ አባቷን ጉልበት ታሠራለች እንዲሉኝ ነው?»

ከዚያ ወዲያ ጓሮም አልወረዱ።

ጎረቤቱ እያየ «ወልዶ መጦር እንዲህ ነው፣ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣን» ይላል። እሷም ደስ ይላታል... ማንስ ቢሆን ደስ አይለው?

እግራቸው እየከዳቸው ሲመጣ «እርጅና ነው» አለች።

ማን? ይህንኑ የምታጠናው ሴት። ጉድ እኮ ነው ወገን...

ወደ ላብራቶሪው እንመለስ።

«ዶክተር» አለች ሀምዲያ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «ስም መናገር ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሰውየው ራሳቸው ‹ውጤቱ ሲመጣ ንገሪልኝ፣ እኔ ፊቷን እያየሁ መናገር አቅቶኛል› ብለውኛል።»

«ለማን ነው የምትነግሪላቸው?»

«ላንቺ... አባትሽ ናቸው።»

ኤልቤቴል ሳቀች። ሀምዲያ አልሳቀችም።

ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ... ወደ ስክሪኑ ዞራ ያንን ጭን እንደገና አየችው። ቅድም የረገመችው ልጅ እሷው ራሷ ናት።

ቤት እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። አባቷ ሶፋው ላይ ናቸው... የት ይሄዳሉ?

«አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?»



«ቤተክርስቲያን ስታስተምሪ ሰማሁሽ ልጄ። ያልሽው ሁሉ የኔ ነገር ሆነብኝ። ግን ሰዉ የሚመርቅሽ እኔን ስላስቀመጥሽ ነው... ያንን ምርቃት እንዴት ልቀማሽ?»

«ታዲያ አሁን ለጥናቱ ለምን ሄድክ?»

«የእናትሽ መቃብር ዱመርሶ፣ ዳገቱ ላይ ነው። በእግሬ ሳልወጣው እንዳልሞት ፈራሁ።»

ይህን ብለው ሊነሱ ሞከሩ። ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ... መልሰው ተቀመጡ።

ኤልቤቴል እንደ ልማዷ ልትደግፋቸው ዘለለች።

«ተዪኝ» አሉ።

ሁለት እጇን ብብቷ ሥር ቀበረች። አባቷ ሲንገዳገዱ እያየች አለመርዳት... በሕይወቷ እንዲህ የከበዳት ነገር የለም።

አቶ ቦና እንደገና ሞከሩ። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ወገባቸውን ይዘው... ቆሙ።

«ነገም እንዲሁ ተዪኝ» አሏት።

ወዳጆቼ... አባቷን የጎዳቻቸው ስለምትጠላቸው አይደለም። ስለምትወዳቸው ነው፤ የሚያስደነግጠውም ይሄ ነው። መጦር ማለት ከእጃቸው ሥራን መንጠቅ አይደለም። ጉልበት እንደማንኛውም ነገር ካልተጠቀሙበት ያልቃል፣ ከተጠቀሙበት ደግሞ በእርጅናም ይመለሳል።

እስቲ እውነቱን እናውራ...

እናታችሁ ወይ አባታችሁ አንድ ነገር ልሥራ ብለው ተነስተው «ተዉ፣ ቁጭ በሉ» ያላችሁበት ቀን አለ? ሊሠሩ የፈለጉት ምን ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።