የእማዬ ክፍል

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ወደ ልጇ ክፍል ስታመራ ባሏ እንደ ወትሮው "ደግሞ ጀመርሽ" አላት። ኮምፒውተሩን ከፈተች።

ጨዋታው የልጇ ነበር። ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረበ ቤት፣ ድልድይ፣ ግንብ ሠርቶበታል። ከሁሉም በታች፣ ከመሬት ሥር፣ አንድ የብረት በር አለ። ከበሩ በላይ ባለችው ሰሌዳ ላይ "የእማዬ ክፍል" ተብሎ ተጽፏል።

በሩን የሚከፍተው ማብሪያ ሩቅ ነው። ከማብሪያው እስከ በሩ ቀይ ዱቄት እንደ ሽቦ ተዘርግቷል፤ ምልክቱ በዱቄቱ ላይ እየሮጠ ሄዶ በሩን ይከፍታል። መንገድ ሲረዝምበት ስለሚደክም በየመሃሉ ማጠናከሪያ ይፈልጋል። አንዲት ቁራጭ ከጎደለች ሁሉም ከንቱ ነው። ግድግዳውን መናድ ደግሞ አይታሰብም። ልጁ ባሩድ ቀብሮበታል፤ የተነካ እንደሆነ ክፍሉን ከነውስጡ ያፈነዳዋል። ይህን ሲነግራት እየሳቀ ነበር።

ከሄደ መንፈቅ አልፎታል። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከወደብ ነው፤ "ስሻገር እደውላለሁ" ብሎ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። የሚጠየቅ ሁሉ ተጠይቋል፤ አየሁት የሚል ጠፋ። እሷም አልጋ ላይ ወደቀች። እህል አልቀምስ አለች፤ የስፌት መኪናዋ አቧራ ለበሰ። ከአልጋ ያስነሳት ይህ በር ነው።

"ልጄ ቃል ሳይተውልኝ አይሄድም" ትላለች። "ቃሉ እዚያ ውስጥ ነው።"

ባሏ ጡረታ የወጣ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነው። "እኔ ማውሱን እንኳ መያዝ አላውቅበትም" ይላል፤ ብልሽት ማፈላለግ ያስተማራት ግን እሱ ነው። "እኩሌታው ላይ መብራት አስቀምጪ። ከበራ ብልሽቱ ከዚያ ወዲያ ነው፤ ካልበራ ከዚያ ወዲህ። የቀረውን ደግሞ እኩል ክፈይ።" የሥራ ወጉንም ይነግራታል። ደህና ሠራተኛ መስመር አይበጥስም፤ ከመጋጠሚያው ይፈታል።

ችግሩ የጠገነችው አለመርጋቱ ነበር። አንዱን ስትደፍን ሌላው ይቀደዳል። መጀመሪያ ዓይኗን ጠረጠረች። በኋላ ልብ አለች፦ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ወጥታ በተመለሰች ቁጥር አንድ ቁራጭ ጎድሎ ታገኛለች። ሁልጊዜም ከመጋጠሚያው ላይ፣ በዙሪያው ያለው ሳይነካ።

"ሰው ነው" አለች። "አንድ ሰው እየገባ ይነቅልብኛል።"

"ማን አባቱ ይሆናል?" አለ ባሏ።

"መፍቻ ነዋ!"

መፍቻ የልጇ ጓደኛ ነው። ስልክ ይጠግናል፤ መፍቻ ከእጁ ስለማይለይ ስሙ በዚያው ቀረ። ያንን ዓለም ከልጇ ጋር አብረው ነው የሠሩት፤ መግቢያው አለው። ልጁን ከአሻጋሪው ጋር ያገናኘውም እሱ ነው ይባላል። ከበሩ ኋላ ስሙ ተጽፎ ቢሆንስ? ይህን ስታስብ ደሟ ይፈላል።

ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሱቁ ድረስ ሄደች።

"እናቴ ትሙት አልነካሁም፣ እማማ!"

"የእናትህን ተወውና የእኔን ልጅ የት አደረስከው?"

መፍቻ አንገቱን ደፋ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረና እያየችው ስሙን ከዝርዝሩ ሰረዘ። "ይኸው። ከእንግዲህ ከእናንተ ቤት በቀር ከየትም መግባት አይቻልም።"

"ሌባ ቁልፍ የሚመልሰው አስቀርጾ ነው" አለችና ጥላው ወጣች።

ያን ዕለት ከሰዓት እንደ ጉድ ሠራች። መብራቷን ከእኩሌታ ወደ እኩሌታ እያዛወረች፣ የጎደለውን እየሞላች፣ ምልክቱን እስከ በሩ አፍ አደረሰችው። አንድ ማጠናከሪያ ብቻ ቀራት። ለእሱ የሚሆነውን ድንጋይ ልትቆፍር ስትል ባሏ ሳህን ይዞ ገባ።

"ብዪ መጀመሪያ። ዓይንሽ ደም መስሏል።"

በላች። ጠግባ ስትበላ ካያት ስንት ጊዜው! "ነገ እገባለሁ" አለች። "ሰውዬ፣ ነገ እኮ ነው!"

"ብትገቢስ፣ መብራት እንኳ በሌለው ክፍል ምን ልታገኚ ነው?"

"ልጄን ነዋ!"

ባሏ ሳህኑን አንስቶ ወጣ። ኮምፒውተሩን ስታጠፋ መነጽሩን ከጎኑ አገኘችው። "መነጽርህን የትም ትጥላለህ፣ ኋላ ጠፋብኝ ትላለህ" ብላ ወስዳ ሰጠችው።

በማግስቱ የሰፋችውን ልብስ ለባለቤቱ አድርሳ እየሮጠች ተመለሰች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች። ድንጋዩን ቆፈረች፤ ማጠናከሪያውን ሠርታ አስቀመጠች። "በልጄ አምላክ" ብላ ማብሪያውን ተጫነች።

መስመሩ ጨለማ ነው። በሩ ንቅንቅ አላለም።

ጩኸቷ ጎረቤት ተሰማ። "ገደለኝ! ያ መፍቻ ገደለኝ! ልጄን ሁለት ጊዜ ወሰደብኝ!" ጉልበቷን እየደበደበች አለቀሰች። ባሏ ከኋላዋ ቆሞ ትከሻዋን ያዘ።

"አይዞሽ፣ ሆዴ። እንደገና ትሠሪዋለሽ።"

ብዙ ቆይታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ወንበሯን ሳበችና መብራቷን ከመስመሩ እኩሌታ ላይ አስቀመጠች።

"ምሳ አልበላሁም" አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

ባሏ ምግቧን ሊያሞቅላት ወደ ማድቤት ሄደ። ያን በር እሱ ከፍቶ መስመሩን መልሶ የፈታው ገና ልጁ የጠፋ ሰሞን፣ እሷ አልጋ ላይ ሳለች ነበር፤ ክፍሉ ባዶ ነው።