ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለው ጉድጓድ

በመጋቢት ሁለተኛው ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ሃቭሪሎ የመንደሩን መንገድ ሰባተኛ ጉድጓድ ደፍኖ በቦት ጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገው። ጠጠሩ ሰመጠ። አንድ አካፋ ጨመረበትና እንደገና ረገጠው።

መንደርተኛው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ቆሟል። የሌቭኮን አስከሬን ከካርኪቭ ይዞ የሚመጣው ነጭ መኪና ብቅ ሲል ሁሉም እንደ ወጉ ይንበረከካል። ሌቭኮ የሃቭሪሎ ልጅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

«ተዉ ጋሽ ሃቭሪሎ፣ ዛሬ እንኳ» አለ የመንደሩ ሹም ኦሬስት። «ሌላው ሰው ይሥራው። እርስዎ አባት ነዎት።»

«አባት ስለሆንኩ ነዋ።»

«መኪናው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።»

«ቀስ ብሎም ይነጥራል።»

«ይነጥራል እንጂ!» አለች ስቴፋ ከሰልፉ ውስጥ። የሌቭኮ የክርስትና እናት ናት፤ እሷና ሃቭሪሎ ልጁ ከተጠመቀ ጀምሮ በስም ተጠራርተው አያውቁም። «አበልጄ፣ መስከረም ላይ መንገዱን አስፋልት እናልብሰው ስንል፣ አንድ ሳንቲም አይወጣም ብሎ ጠረጴዛ የደበደበው ማን ነበር?»

አጠገቧ የቆሙት መሬት መሬት አዩ። በዚያ ስብሰባ የመንደሩ ካዝና ውስጥ የነበረው ሁለት ሚሊዮን ህሪቭኒያ ነበር። ወይ መንገዱ ይሠራበታል፣ ወይ ሌቭኮ ለሚዋጋበት ብርጌድ መቶ ድሮን ይገዛበታል። በሁለት ድምፅ ብልጫ ድሮኑ አለፈ።

«እኔ ነኝ» አለ ሃቭሪሎ ቀና ሳይል።

«መቶ ድሮን ስንት ቀን ቆየ? ንገራቸው።»

«አስራ አንድ ቀን።»

«አስራ አንድ ቀን!» ስቴፋ ወደ ሰዉ ዞረች። «የኦሌና ልጅ ምጥ ይዟት አምቡላንሱ እዚህ ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። የመንደሩ ገንዘብ ግን በአስራ አንድ ቀን ጭስ ሆነ።»

«እትዬ ስቴፋ፣ እዚያ ያለው ጭስ እዚህ እንዳይመጣብን እኮ ነው» አለ ኦሬስት።

«አንተ ደግሞ! ታንክ በስንት ነው፣ ሮኬት በስንት ነው ብትባል እንደ ጸሎት በቃልህ ትወጣዋለህ። የሌቭኮስ ዋጋ? እሱ የትኛው ወረቀትህ ላይ ነው ያለው?»

ኦሬስት ባርኔጣውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረ። ሃቭሪሎ አካፋው ላይ ተደገፈ።

«ደውሎልኝ ነበር» አለ። «ድሮኑ እስኪያልቅ ድረስ ከእነሌቭኮ ምሽግ አንድ ሰው አልሞተም። አንድም። ‹አባዬ፣ እንቅልፍ ተኛን› አለኝ።»

ስቴፋ አፏን ከፈተች። ‹ከዚያ በኋላስ?› ልትል ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን በመንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው።

የሃቭሪሎ ስልክ ጮኸ። ልጃቸውን ልታመጣ ካርኪቭ የሄደችው ሚስቱ መላኒያ ናት።

«ነዳጅ ማደያውን አለፍን» አለችው ከመኪናው ውስጥ። ድምፅዋ ከሞተሩ ጋር ይንቀጠቀጣል። «ሃቭሪሎ፣ በየጉድጓዱ ይንኳኳል። ሳጥኑ ይንኳኳል። እጄን ጭኜበት ነው ያለሁት።»

«እዚህ አይንኳኳም» አላት። «እዚህ ደፍኜዋለሁ።»

ስልኩን ኪሱ ሳይከት ከመታጠፊያው ነጭ መኪና ብቅ አለ። ሰልፉ ጭቃው ላይ ተንበረከከ፤ አሮጊቶቹም፣ በክራንች የቆመውም። ሃቭሪሎ ብቻ ቆሞ ቀረ። ጉልበቱ አልታጠፍ አለው። እንዴት ቶሎ ደረሰ?

መኪናው ቆመ። ቀጭን ሹፌር ወርዶ የተንበረከከውን ሰው አየ፣ ቆቡን አወለቀ፣ የሚገባበት ጠፋው።

«እኔ እኮ ዳቦ ነው የጫንኩት» አለ።

ማክሰኞ የዳቦ ቀን መሆኑን ሁሉም ረስቶታል። ስቴፋ እንደተንበረከከች ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ እንባ ቀደማት።

«አላወቅኩም፣ ይቅርታ» አለ ሹፌሩ። ወደ ሃቭሪሎ አካፋ አየ። «ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለውን አልደፈናችሁትም እንዴ? ጎማዬን ሊገነጥልብኝ ነበር።»

ሃቭሪሎ የእጅ ጋሪውን አየ። ጠጠሩ አልቋል።

«ጡብ አለኝ» አለች ስቴፋ ጉልበቷን እየጠረገች። «ለምድጃዬ የገዛሁት። ምን ታፈጥብኛለህ አበልጄ፣ ተሸከም እንጂ!»

ሹፌሩ ዳቦውን መቀመጫው ላይ ዘረገፈና ባዶ ሳጥኖቹን አቀበላቸው። ጡቡን በዳቦ ሳጥን ተሸክመው ሮጡ፤ ኦሬስት በኮቱ፣ ስቴፋ ለቀብር ባደረገችው ጫማ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለው ጉድጓድ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ሃቭሪሎ ጡቡን በአካፋው ጀርባ ይሰብራል፣ ስቴፋ ትረግጣለች።

«አስፋልት ቢሆን ኖሮ . . .»

«እርገጪ።»

«እየረገጥኩ ነው! በሚቀጥለውም ስብሰባ ለአስፋልት ነው እጄን የማወጣው፣ ስማኝ።»

«አውጪ። ጥጉ ጋ እርገጪ።»

ወደ ሰልፉ ለመመለስ ጊዜ አላገኙም። ሌቭኮን የያዘው መኪና ሲደርስ ጉድጓዱ አጠገብ እንደነበሩ ተንበረከኩ። አሁን የሃቭሪሎ ጉልበት ታጠፈለት። ሌላው ሰው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ እሱ አልደፋም፤ ጎማውን ያያል። የፊተኛው ጎማ ቀዩ ጡብ ላይ ወጣ፣ አለፈ። የኋለኛው ወጣ። በመስታወቱ በኩል የመላኒያ እጅ ሳጥኑ ላይ ተዘርግቶ ታየው። ሳጥኑ አልተነቃነቀም።

በመስከረም ስብሰባው እንደገና ተጠራ። ስቴፋ ለአስፋልት እጇን አወጣች፣ ሃቭሪሎ ለድሮን። መንገዱ እስካሁን አልተሠራም። ሁለቱ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ፣ የሌላ ሰው ልጅ በሳጥን በመጣ ቁጥር፣ አካፋና ጡብ ይዘው አራት ጊዜ ወጥተዋል።