የሚነቀለው ጥርስ

በምላስ እኔን የሚችል ሰው አልተፈጠረም። የክፍላችን መምህር እንኳ ከእኔ ጋር ቃላት መወራወር ትቷል። ነገሩ የሚበላሸው አክስቴ ጋ ስደርስ ነው። ሰው እኔን ሲጠይቅ እሷ ትመልሳለች። ራበሽ ወይ ስባል "በልታለች" ትላለች፤ ስሜን ስጠየቅ እንኳ ትቀድመኛለች። ስሞግታት ደግሞ "የምቃጠለው እኮ ለአንቺ ብዬ ነው" ብላ ታለቅስና ይቅርታ የምጠይቀው እኔ እሆናለሁ።

ዛሬ የቀኝ መንጋጋ ጥርሴን ላስነቅል ከእሷ ጋር ስንሄድ ግን ቆረጥኩ። "እታባ፣ ብቻዬን ነው የምገባው" አልኳትና የጥርስ ሐኪሙን ክፍል በር ፊቷ ላይ ዘጋሁት። በሩ መስታወት ስለሆነ አያታለሁ፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አፏን ገጥማ ታየኛለች።

ሐኪሙ "የትኛው ነው የሚያምሽ?" አለኝ።

ቀኙን በጣቴ እያሳየሁ አፌን ከፈትኩ።

"ግራው ነው ዶክተር፤ እሷ ምን ታውቃለች!" የሚል የአክስቴ ድምፅ ከጉሮሮዬ ወጣ። ዞር ብዬ በመስታወቱ ሳያት ከንፈሯ አልተነቃነቀም።

ደግሜ ሞከርኩ።

"ግራውን ይንቀሉላት አልኩ እኮ!"

ሐኪሙ ጉጠቱን እንደያዘ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

"እትዬ፣ እኔ የማወራው ከልጅቷ ጋር ነው። እባክዎ ይውጡ።"