ምስጢር የሚቀመጥበት ቦታ

«ክቡራትና ክቡራን፣ ኮምፒውተሩ ሊበራ ነው!»

ይህን የሚሉት ጋሽ አድማሴ ናቸው፤ የቡሬ ዘይት ጨማቂዎች ማኅበር ሊቀ መንበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። በኑግ መጭመቂያው ጠባብ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው አራት ብቻ ስለሆነ ጭብጨባው ቶሎ ያልቃል። የመጭመቂያው ባለቤት ያይኔአበባ ጎንበስ ብላ ቁልፉን ትጫናለች። ኮምፒውተሩ ያቃስትና እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ መነሣት ይጀምራል።

ለመነሣት ሩብ ሰዓት ይፈልጋል። እስከዚያ ከባሕር ዳር የመጣው መርማሪ፣ አቶ ምስክር፣ ቅጹን ይሞላል። የሚሰጠው ወረቀት የሳይበር ደህንነት ማረጋገጫ ይባላል። የያይኔአበባን ዘይት የሚወስደው የአዲስ አበባ ድርጅት፣ ይህን ወረቀት ላላሳየ አቅራቢ ከነገ ጀምሮ ትእዛዝ እንደማይልክ አስታውቋል። ከዚያ ድርጅት ሌላ ይህን ያህል ዘይት የሚያነሣላት የለም። ደጅ አርባ ጀሪካን ተደርድሯል፤ ከጀሪካኑ አጠገብ ስድስት ሠራተኞች ማሽን አቁመው ቁጭ ብለዋል።

«ባለፉት ሁለት ዓመታት በኢንተርኔት በኩል ጥቃት ደርሶብዎታል?» ይላል ምስክር።

«አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔቱስ መቼ ነበረ፣ ልጄ?»

«እንግዲያው ‹አልደረሰም› ብዬ ልጻፈው።»

«ጻፈው። ጥቃቱም እንደኛው መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል።»

ጋሽ አድማሴ ከት ብለው ይስቃሉ። የእሳቸው ማረጋገጫ ወር ደፍኗል፤ በመስታወት ገብቶ ከሠርጋቸው ፎቶ በላይ ተሰቅሏል። ዛሬ የመጡት ላበረታታ ብለው ነው። «አይዞሽ! ጥንቃቄ ብቻ ነው ሚፈልገው» ይላሉ፣ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ጮክ ብለው።

ጥግ ላይ፣ በርጩማው ላይ፣ የያይኔአበባ የንስሐ አባት፣ አባ ሃይለ ሚካኤል፣ ተቀምጠዋል። ለመርማሪው «ቤቱን ጸበል ሊረጩልኝ ነው የመጡት» ብላዋለች። ጸበሉም በኮዳ አለ። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

ቅጹ፣ የይለፍ ቃሉ ረጅም ይሁን፣ ፊደልና ቁጥር ይደባለቅበት፣ ወረቀት ላይም አይጻፍ ይላል። ያይኔአበባ ሳምንት ሙሉ አጥንታዋለች። ማታ ይዛው ትተኛለች፤ ጠዋት የለም። ወረቀት ይሰረቃል፣ ስልክ ይጠፋል፣ እህት ትጣላለች። ምስጢር ገብቶ የማይወጣበት ቦታ ብታስስ ብታስስ አንድ ብቻ አገኘች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እግራቸው ሥር ተንበርክካ፣ ኃጢአቷን ተናዝዛ ስታበቃ፣ የይለፍ ቃሉን አስከትላ ነገረቻቸው። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚደግሙት አባት ሁለት ጊዜ ብቻ አስደገሟትና «ተይዟል» አሏት።

«የይለፍ ቃሉን ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?»

ያይኔአበባ ወደ በርጩማው አታይም። «ማንም የለ።»

«ባለቤትዎ? ልጅዎ?»

«ባሌን እግዜር ወሰደው። ልጄ እንኳን የይለፍ ቃሌን፣ ስሜንም ረስቶት ይሆናል።»

«በጣም ጥሩ» ይላል ምስክር፣ ቅጹ ላይ ባለችው ሳጥን ውስጥ ምልክት እያደረገ። «ደህንነት ማለት ሰው አለማመን ነው።»

አባ ሃይለ ሚካኤል ከመቁጠሪያቸው አንድ ፍሬ ያሳልፋሉ።

ስክሪኑ ይበራና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ምስክር ሰዓቱን ያያል። «ይክፈቱልኝና ልየው። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ይቆለፋል። ከተቆለፈ ደግሞ እኔ የምመለሰው በሚቀጥለው ወር ነው፤ መኪናው ሰባት ሰዓት ላይ ይወጣል።»

አንድ ጊዜ ትሞክራለች። ስሕተት ነው። ሁለተኛ ትሞክራለች። ይኸም ስሕተት ነው።

«እጄ ዘይት ሆኖ ነው» ትላለች። እጇ ደረቅ ነው።

ከዚያ ሳታስበው ወደ በርጩማው ትመለከታለች።

«አባን ምን ታያለሽ?» ይላሉ ጋሽ አድማሴ በችኮላ። «ወደ ማሽኑ እዪ እንጂ!»

አባ ግን በበሩ በኩል፣ ደጅ የተቀመጡትን ስድስቱን ሠራተኞች ያያሉ። ብዙ ያይዋቸዋል። መቋሚያቸውን ተደግፈው ይነሣሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «እግዚአብሔር ይፍታኝ» ይላሉ ለራሳቸው። ቀጥለውም ዳዊት በሚደግሙበት ድምፅ፣ «ትልቁ ኤ።»

የምስክር ብዕር ይቆማል።

ያይኔአበባ ትጽፋለች።

«ትንሹ ዲ። ኤም። ኤ። ኤስ።»

ኤስ ላይ ጣቷ ይቆማል። ይህ የእሷ አይደለም። ስክሪኑ የሚያሳየው ነጥብ ብቻ ነው፤ ቢሮው ውስጥ ግን ፊደል ማያያዝ የሚያቅተው ሰው የለም። ፊደላቱ ሲያያዙ የሚወጣው ስም በሩ አጠገብ ባርኔጣ ይዞ ቆሟል።

«ኢ» ይላሉ አባ። «ከዚያ አንድ፣ ዘጠኝ፣ አምስት፣ ስምንት። የትውልድ ዘመን ነው።»

ጋሽ አድማሴ ባርኔጣቸውን ያደርጋሉ፤ መልሰው ያወልቃሉ። ምስክር የሚያየው እሳቸውንም ኮምፒውተሩንም አይደለም። አሁን ምልክት ያደረገባትን ሳጥን ነው። ወር ቀደም ብሎ በጋሽ አድማሴ ቅጽ ላይ ያችኑ ሳጥን ሞልቷል፤ ያኔም «በጣም ጥሩ» ብሏል።

የንስሐ አባትን ከአፋቸው ነጥቆ «ተሳስተዋል» የሚል አልተወለደም። «የኔ አይደለም» ብትል ደግሞ የማን እንደ ሆነ መናገር ነው።

አባ ሃይለ ሚካኤል ዓይናቸውን ገልጠዋል። የንስሐ ልጃቸውን ከጭንቅ ያወጡ መስሏቸው ፊታቸው በርቷል።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጄ? ተጫኚው እንጂ።»

ያይኔአበባ የቀረውን ጽፋ ትጫነዋለች። ኮምፒውተሩ ጥቂት ያስብና ይቆለፋል።

ከደጅ፣ ከጀሪካኖቹ አጠገብ የሚጠብቅ ሠራተኛ ይጣራል።

«እትዬ ያይኔ! ተከፈተ?»